ያልተፈተነ መሪ

በመሥሪያ ቤቶቻችንና በትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ አንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ ሥር እየሰደደ መምጣቱን እናያለን። ይኸውም መሣሪያን መግዛት ዕውቀትን መያዝ ነው የሚለው ነው። መንገድ የሚመራ ስልክ በኪሱ ያለው ሰው አገሩን ያወቀ ይመስለዋል፤ መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር ያስገባ መሥሪያ ቤትም መዝገቡ ከጥፋት ፈጽሞ የዳነ ይመስለዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ስሕተታቸው የሚገለጠው ዕቃው ከሣጥኑ ሲወጣ በአዲስ አበባ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ አይደለም፤ ጉም በወረደበት የስሜን ገደል አፋፍ ላይ፥ ወይም ባላገሩ የይዞታውን ማስረጃ ሊያወጣ ከሩቅ ቀበሌ ተጕዞ መጥቶ «ሲስተም የለም» ተብሎ በሚመለስበት መስኮት ላይ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ እናነሣለን። አንደኛው ያለ ሳተላይት ስፍራንና መንገድን የማወቅ ጥበብ ነው፤ ሁለተኛው መረጃ የሚቀመጥበትን ቋት የመፈተን ጥበብ ነው። ለጊዜው የማይዛመዱ ይመስላሉ፤ ነገር ግን አንዱ ያለ ሌላው እንደማይቆም ወደ ፊት እናሳያለን። ለማሳያም ጐንደርንና የስሜንን ደጋ የመረጥነው አገሩ ራሱ ፈታኝ ስለ ሆነ ነው። ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ከምትገኘው ከጐንደር ከተማ ተነሥቶ በደባርቅ በኩል ወደ ራስ ደጀን የሚወጣ ሰው 4,550 ሜትር ላይ ይደርሳል። በዚህ መካከል ሰውም በቅሎም መሣሪያም ይፈተናል።

በመጀመሪያ የምንመካበትን ነገር እንመርምር። በስልካችን ላይ ስፍራችንን የሚነግረን ጂፒኤስ የአሜሪካ መንግሥት ያቋቋመው ሥርዓት ነው። ሳተላይቶቹ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይዞራሉ፤ ከዚያ የሚልኩት ምልክት እኛ ዘንድ ሲደርስ እጅግ የደከመ ስለ ሆነ ገደል ይጋርደዋል፥ አነስተኛ የማወኪያ መሣሪያም ያጠፋዋል። እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ድረስ ይኸው መንግሥት ለሲቪል ሰው የሚደርሰውን ምልክት ሆነ ብሎ ያዛባው ስለ ነበር፥ ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። በዚያ ዓመት በሜይ ወር መጀመሪያ በፕሬዚዳንት ክሊንተን ትእዛዝ ማዛባቱ ቀረ፤ በአንድ ሌሊትም የዓለም ሕዝብ ሁሉ ያለበትን ስፍራ ከቀድሞው አጥርቶ ዐወቀ። እኛ ይህን ውለታ አንክድም። ዳሩ ግን በሌላ አገር ሹም ብዕር የተሰጠ ነገር ብድር እንጂ ርስት አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል። ሩስያ፥ አውሮፓና ቻይና የየራሳቸውን ሥርዓት ያቆሙት ይህን ስለ ተረዱ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር የመጠቀችው የእኛዋ ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ.-1 ምድርን ፎቶግራፍ እንድታነሣ የተሠራች ነበረች እንጂ መንገድ ለመምራት የተሠራች አልነበረችም።

ብድሩ ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን ዓለም አሁን እየተማረ ነው። በባልቲክ ባሕር፥ በጥቁር ባሕርና በምሥራቅ ሜዲትራኒያን አካባቢ የጂፒኤስ ምልክት ስለሚታወክ አውሮፕላኖችና መርከቦች ያሉበትን ስፍራ የሚስቱበት ጊዜ በዝቷል። የአሜሪካ የባሕር ኃይል አካዳሚም ትቶት የነበረውን በከዋክብት ስፍራን የማወቅ ትምህርት በ2015 እ.ኤ.አ. እንደገና ለተማሪዎቹ ማስተማር ጀምሯል። እንግዲህ ሳተላይቱን የሠራው አገር ራሱ ልጆቹን ወደ ኮከብ ከመለሰ፥ ሳተላይቱን በውሰት የምንጠቀም እኛ ልጆቻችንን ከስልክ መስተዋት በቀር ሌላ ሰማይ እንዳያውቁ ማድረጋችን በምን ምክንያት ነው?

ያለ ሳተላይት የሚሠሩ አዳዲስ ፈጠራዎችም በየአገሩ እየወጡ ነው። አንዱ ዓይነት የተጓዡን የፍጥነትና የአቅጣጫ ለውጥ በየቅጽበቱ እየለካና እየደመረ የደረሰበትን ያሰላል። ሌላው የምድርን የመግነጢስ ኃይል ከቦታ ቦታ መለዋወጥ ይለካል። ሦስተኛው በካሜራ ከሥሩ ያለውን ተራራና ሸለቆ እያየ ያለበትን ይለያል። እነዚህን የሚያደንቁ ጽሑፎች ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን የሚያድበሰብሱት አንድ ምስጢር አለ። የመጀመሪያው ዓይነት ጥቂቱን ስሕተት እየደመረ ስለሚሄድ፥ በየጊዜው ከታወቀ ስፍራ ጋር ካልተስተካከለ ይስታል። ሁለቱ ደግሞ የለኩትንና ያዩትን አስቀድሞ ከተጻፈ መዝገብ ጋር ካላመሳከሩ በቀር ምንም አያውቁም። የስሜን ተራሮች የመግነጢስና የመልክዓ ምድር መዝገብ በውስጡ የሌለው መሣሪያ፥ የቱንም ያህል የረቀቀ ቢሆን፥ በእሜት ጎጎ አፋፍ ላይ ዕውር ነው።

ሁለቱ ጕዳዮቻችን የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ያለ ሳተላይት መንገድ ማወቅ ማለት ጥሩ መዝገብ መያዝ ማለት ነው። መዝገቡ ከሌላ አገር ኮምፒውተር የሚመጣ ከሆነም ከሳተላይት ጥገኛነት ወጥተን ወደ ሌላ ጥገኛነት ገባን እንጂ ነፃ አልወጣንም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ ይህ ታይቷል። ሳተላይቶቹ በሰማይ ነበሩ፥ ስልኩም ምልክታቸውን ይቀበል ነበር፤ ካርታውን አስቀድሞ በስልኩ ውስጥ ላላኖረ ሰው ግን የሚታየው ነጥብ በባዶ ገጽ ላይ ነበር።

አባቶቻችን በዚህ ረገድ ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። በባሕረ ሐሳብ መጻሕፍት ውስጥ ሰው የገዛ ጥላውን በጫማ እየለካ የቀኑን ሰዓት የሚያውቅበት፥ ለየወሩም የተለየ ቍጥር ያለው ሠንጠረዥ ይገኛል። በግእዝ ተሟልቶ የቈየልን መጽሐፈ ሄኖክም ፀሐይ በዓመት ውስጥ በምሥራቅ በኩል በስድስት በሮች እንደምትወጣ ይናገራል። ይህን ያነበበ ደብተራ፥ ፀሐይ የወጣችበት ሁሉ አንድ ምሥራቅ አለመሆኑን፥ በየወሩም ወዲያና ወዲህ እንደሚል ያውቃል።

የእስኮትላንዱ ተወላጅ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጐንደር ሲገባ ከባድ የናስ ኳድራንት አስይዞ፥ ሊማሊሞን ወጥቶ ነበር። በመንገዱ ሁሉ የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ እየለካ የቦታዎችን ኬክሮስ ይጽፍ ነበር። ወደ አገሩ ሲመለስም የመጽሐፈ ሄኖክን ቅጂዎች ይዞ ሄደ። ከእርሱ በኋላ ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በ1838 እ.ኤ.አ. መጥቶ ዐሥር ዓመት ያህል በአገራችን ሲዘዋወር፥ ከተራራ ተራራ እያነጣጠረ ማዕዘን በመለካትና ኬክሮስን ከሰማይ በመውሰድ የብዙ መቶ ቦታዎችን ስፍራ ወሰነ። ሳተላይት አልነበረውም፤ የነበረው መነጽር ያለው ማዕዘን መለኪያ፥ ሰዓት፥ ብዕርና ትዕግሥት ነው። እነዚህን ሰዎች የምናነሣው ልናወግዛቸው አይደለም። የእኛን ተራራ ለክተው ቍጥሩን ወሰዱ፤ እኛ ግን መጽሐፉ በእጃችን ቀርቶልን ሳለ የመለካቱን ልማድ ተውነው። ወቀሳችን በራሳችን ላይ ነው።

አሁን ደግሞ በሌላ አገር የተፈተነ ነገር ለእኛ ተፈተነ ማለት አለመሆኑን በሦስት ማስረጃዎች እናስረዳ።

የመጀመሪያው ማስረጃ ከትምህርት ቤት ነው። ከአውሮፓ የተቀዳ የመንገደኛ መምሪያ «በቀትር ጥላህ ወደ ሰሜን ያመለክታል» ይላል። ይህ ለፓሪስና ለለንደን ዓመቱን ሙሉ እውነት ነው። ጐንደር ግን በ12 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ገደማ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስላለች፥ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናቷ ላይ ታልፋለች፤ እነዚህም ሚያዝያ 15 እና ነሐሴ 13 ገደማ ናቸው። ልጆች ለቡሄ ጅራፍ በሚያጮኹበት ዕለት፥ ደመናው ከገለጠ፥ የጐንደር ሰው የቀትር ጥላ ከእግሩ ሥር ይገባል። በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል ባሉት አራት ወራት ያህል የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምትሆን ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። እንግዲህ የአውሮፓውን መምሪያ በቃሉ የያዘ ተማሪ በሰኔ ወር በስሜን ደጋ መንገድ ቢጠፋው፥ ወደ ደባርቅ ልመለስ ብሎ ፊቱን የሚያዞረው በተቃራኒው ይሆናል።

ቀትር የሚለውም ቃል ራሱ ያሳስታል። የአገራችን ሰዓት የተቀመረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው፤ ጐንደር ያለችው በ37 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ነው። ፀሐይ አንድ ዲግሪ ለመሄድ 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት፥ የጐንደር እውነተኛ ቀትር በአማካይ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ30 ላይ ነው። ከወር ወር ሲለዋወጥም በኅዳር መግቢያ 6 ሰዓት ከ14 ገደማ፥ በየካቲት መጀመሪያ ደግሞ 6 ሰዓት ከ44 ገደማ ይሆናል። ይህን ለማወቅ በግቢ መካከል ቀጥ ብላ የተተከለች አንዲት በትር ትበቃለች። ጥላዋ እጅግ ያጠረበትን ሰዓት የጻፈ ተማሪ የከተማውን ኬንትሮስ በገዛ እጁ አገኘ ማለት ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ከካርታ ነው። በመንግሥት የታተሙት አንድ ለ50,000 የሆኑት ካርታዎቻችን የተሠሩት አዲንዳን በሚባል መነሻ ላይ ነው፤ አዲንዳን በኑብያ፥ በግብፅና በሱዳን ወሰን አካባቢ ያለ የቅየሳ ነጥብ ነው። ከ1957 እስከ 1961 እ.ኤ.አ. በዐባይ ተፋሰስ የተደረገው ቅየሳ ከተራራ ተራራ በሦስት ማዕዘን እየተያያዘ ወደ እኛ የመጣው ከዚያ መነሻ ነው። ጂፒኤስ ደግሞ ሌላ መነሻ አለው። ይህን ሳያውቅ የጂፒኤሱን ቍጥር በአዲንዳን ካርታ ላይ የሚያውል ሰው ከ100 ሜትር በላይ ይስታል። ካርታው አልተሳሳተም፤ መሣሪያውም አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ሁለቱን ያላመሳከረው ሰው ነው። በሜዳ አገር 100 ሜትር ትንሽ ነው። በግጭ ገደል አጠገብ ግን በሕይወትና በሞት መካከል ያለ ርቀት ነው። በእርሻ ድንበር ላይ ደግሞ የሁለት ጎረቤታሞች የዕድሜ ልክ ሙግት ነው።

ሦስተኛው ማስረጃ ከመረጃ ቋቱ ነው፤ ከሦስቱም ይልቅ የሚያስደንቀን ይህ ነው። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ጽሑፉን የሚያነበው ራስ ዲስኩን አይነካም፤ በቀጭን የአየር ትራስ ላይ ይንሳፈፋል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፥ ትራሱም ይደክማል። ስለዚህ ብዙ አምራቾች ዕቃቸው የሚሠራበትን ከፍታ በ3,048 ሜትር፥ ማለት በ10,000 ጫማ ወስነው በወረቀቱ ላይ ይጽፋሉ። ሳንቃበር፥ ግጭና ጨነቅ ሦስቱም ከዚህ ወሰን በላይ ናቸው፤ ግጭና ጨነቅ 3,600 ሜትር ያህል ይደርሳሉ። ጐንደር ላይ በደኅና የሠራው መሣሪያ በጨነቅ ሰፈር ቢበላሽ ዕድል አይወቀስም፤ ወረቀቱን ያላነበበው ገዢ ይወቀስ። ተሽከርካሪ የሌላቸው አዳዲሶቹ ቋቶች ይህ ችግር የለባቸውም። ነገር ግን እነርሱም ሌላ ፈተና ይገባቸዋል፤ ከእነርሱ መካከል መጠባበቂያ ኃይል የሌላቸው አንዳንዶቹ «ጽፌአለሁ» ብለው ከመለሱ በኋላ መብራት ድንገት ቢጠፋ የጻፉትን ያጣሉ። መብራት የሚጠፋበት አገር ይህን ሳይፈትን የሕዝብ መዝገብ ሊያስቀምጥባቸው አይገባም።

ፍጥነትም ይፈተናል። ሻጩ «በአማካይ እጅግ ባነሰ ጊዜ መልስ ይሰጣል» ይላል። አማካይ ግን ብዙ ይሸፍናል። ከመቶ ጥያቄዎች 99ኙ ፈጥነው ተመልሰው አንዱ 2 ሰከንድ ቢዘገይ አማካዩ ያማረ ሆኖ ይታያል። በሰከንድ 50 ሜትር እየበረረ በመዝገብ የሚመራ ትንሽ አውሮፕላን ግን በዚያ በአንዱ መዘግየት 100 ሜትር በጨለማ ይሄዳል። ስለዚህ ጥሩ ፈታኝ የሚጠይቀው አማካዩን ብቻ ሳይሆን እጅግ የዘገየውን ነው።

በዓለም ላይ ይህ የፈተና ሥራ ያለ ጠብ አልተጀመረም። በ1983 እ.ኤ.አ. በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዴቪድ ደዊት ከባልደረቦቹ ጋር የዳታቤዞችን ፍጥነት የሚያወዳድር ፈተና አሳተመ። ውጤቱ ያላስደሰተው ኦራክል የተባለው ኩባንያ፥ ገዢ ያለ ኩባንያው ፈቃድ የፈተና ውጤት እንዳያሳትም የሚከለክል ቃል በውሉ ውስጥ አገባ፤ ሌሎች ሻጮችም ተከተሉት፤ ያ ቃል እስከ ዛሬ «የደዊት አንቀጽ» ይባላል። በ1988 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኩባንያዎች ተሰብስበው ለሁሉ አንድ የሆነ የመፈተኛ ደንብ የሚያወጣ ቲፒሲ የተባለ ምክር ቤት አቋቋሙ። ከዚህ ታሪክ የምንማረው ግልጽ ነው። ሻጭ ፈተናን የሚፈራበት ጊዜ አለ፤ ገዢ ግን ፈተናን የሚፈራበት ምክንያት የለውም። ውል የሚፈርሙ ሹማምንታችን እንዲህ ያለውን አንቀጽ ፈልገው ማንበብ ይገባቸዋል።

በአማራ ክልል የገጠር መሬት ምዝገባ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሲጀመር፥ የመጀመሪያው ደረጃ ደብተር የአዋሳኞችን ስም እንጂ ካርታን አልያዘም ነበር። ሁለተኛው ደረጃ ካርታ ያለው ሆኖ ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው። ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ እንደግፈዋለን። ነገር ግን በቀድሞው ዘመን ድንበር ሲጠፋ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ነበሩ። ነገ ሽማግሌው ሲያልፍ ምስክሩ ያ ቋት ብቻ ይሆናል። እንግዲህ ምስክር ከመሆኑ በፊት ያልተፈተነ ቋት ምኑ ይታመናል?

ይህን ፈተና የምንማረው ከባዕድ ብቻ አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት የሰው አእምሮ ራሱ የመዝገብ ቋት ነበር፤ አባቶችም ያለ ፈተና አላመኑትም። ድጓ የተማረ ሰው ከመምህሩ ዘንድ ዐወቅሁ ቢል አይበቃውም፤ ጋይንት ወርዶ በቤተ ልሔም ያስመሰክራል። አቋቋም የሚያስመሰክር ወደ ጐንደር በአታ ይመጣል። የያዘውን የሚመረምሩት በሌላ ስፍራ፥ በሌሎች መምህራን ፊት ነው። ካልያዘም ተመልሶ ይማራል እንጂ በይሉኝታ አያልፍም። ሠሪው የሠራውን ራሱ አይመሰክርም የሚለው ደንብ ከቲፒሲ በፊት በእኛ አገር ይሠራበት ነበር።

አንዳንዶች «ወደ በትርና ወደ ኮከብ መመለስ ኋላ ቀርነት ነው» ይሉናል። ሳተላይቱ ይጣል አላልንም። የሰሜን ኮከብ በጐንደር ሰማይ ከአድማሱ በላይ ክንድ ተዘርግቶ አንድ ጭብጥና አንድ ጣት ያህል ብቻ ከፍ ብላ ትታያለች፤ በዚህ መለኪያ የአንድ ዲግሪ ስሕተት 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሆን፥ ገበሬ ድንበሩን በጭብጡ ይለካ ማለት ዕብደት ነው። እኛ የምንለው ሁለተኛ ምስክር ይኑር ነው። መሣሪያው ጐንደርን ከደቡብ ንፍቀ ክበብ ቢያደርጋት፥ ኮከቧን የሚያውቅ ተማሪ ወዲያው «ውሸት ነው» ለማለት ይችላል። ሌሎች ደግሞ «ድሀ አገር ለፈተና የሚሆን ገንዘብ ከየት ያመጣል?» ይላሉ። ነገሩ በተቃራኒው ነው። በጐንደር ገበያ በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን ሳያይ፥ ሳያስረግጣት ገንዘቡን አይፈታም፤ ይህንም የሚያደርገው ሁለተኛ የሚገዛበት ስለሌለው ነው። ለራሳችን በቅሎ ያደረግነውን ለሕዝብ ገንዘብ እንዴት እንነፍጋለን?

ስለዚህ አራት ነገሮች እንዲፈጸሙ እንጠይቃለን። አንደኛ፥ በጐንደርና በስሜን ያሉ ትምህርት ቤቶች በግቢያቸው የጥላ በትር ይትከሉ፤ ተማሪዎችም ሚያዝያ 15 እና የቡሄ ዕለት የቀትሩን ጥላ በየዓመቱ ለክተው በመዝገብ ይጻፉ። ሁለተኛ፥ ካርታ የሚያሳትምና ጂፒኤስ የሚያድል መሥሪያ ቤት ሁሉ መነሻው የቱ እንደ ሆነ በጕልህ ይጻፍ፥ ሠራተኛውም ልዩነቱን ይማር። ሦስተኛ፥ የሕዝብ መዝገብ የሚያኖር ቋት ርክክብ ከመደረጉ በፊት በሚሠራበት ወረዳና በሚሠራበት ከፍታ ይፈተን፤ መብራት ይጥፋበት፥ እጅግ የዘገየው መልስ ይለካ፥ ከመጠባበቂያው ቅጂ ተመልሶ መነሣቱ ይታይ፤ ውጤቱም ተጽፎ ለሚመለከተው ሁሉ ይገለጥ። አራተኛ፥ የጐንደር ዩኒቨርሲቲ ከስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ጋር ሆኖ የስሜንን ተራሮች መልክና የመግነጢስ ኃይል የሚይዝ መዝገብ በራሱ እጅ ያዘጋጅ። አዲሶቹ መሣሪያዎች ነገ ሲመጡ የሚጠይቁን ይህንኑ ነው፤ እኛ ካላዘጋጀነው ሌላ ሰው አዘጋጅቶ ይሸጥልናል።

ይህን ለመጀመር ከውጭ የሚመጣ ዕቃ አያስፈልግም። በሚመጣው ቡሄ በጐንደር አንድ መምህር ተማሪዎቹን ሰብስቦ፥ በትሩን ተክሎ፥ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ገደማ ጥላው ወዴት እንደ ገባ ቢጠይቃቸው የመጀመሪያው ፈተና ተደረገ ማለት ነው። ደመና ቢሆንበትም በሚያዝያ ይድገመው።